እርስዎ ይቅደሙ

ሰንበሌጥ ሕንፃ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ወንበር አይሰጠውም፤ መውጫው ነው የሚታየው። "እንኳን ደህና መጣህ፣ መውጫው በዚህ ነው" ይባላል። እንግዳው ሄዶ በሩን በእጁ ነካ አድርጎ ይመለስና ከዚያ ይቀመጣል። ሳይነካ የተቀመጠ ሰው ባለጌ ነው፣ ሁለተኛ አይጠራም። ሽማግሌ ተልኮ ሴት ልጅ ስትጠየቅ ደሞ የልጅቷ አባት መጀመሪያ የሚያነሱት ልጁ ምን ሠርቶ እንደሚበላ አይደለም። ከስንተኛ ፎቅ በእግሩ ወርዶ ትንፋሽ እንደሚተርፈው ነው የሚጠይቁት። ሕፃን ሲወለድ ስም ሳይወጣለት ሕንፃው ይቆጥረዋል። ጎረቤት ለጎረቤት የልደት ስጦታ የሚሰጠው የጭስ መከላከያ ጭንብል ነው፣ ያውም ጥልፍ ያለው፣ ሰዉ አንገቱ ላይ እንደ ሻርፕ ጣል አድርጎት ነው የሚውለው።

ደብሪቱ እዚህ ነው ተወልዳ ያደገችው፣ ሃምሳ አንደኛው ፎቅ ላይ። ከሷ በላይ የውሃ ሮቶና ሰማይ ብቻ ነው ያለው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሟ የዘመኑ ስም ነው፣ ክፍሏ ውስጥ እንኳን ሌሎች ደብሪቱዎች አሉ። አያቷ ግን እንደ ድሮ ሰው ኪሩቤል ነው የሚባሉት፣ እሷም ጓደኞቿ ፊት "አባባ ኪሩቤል" ስትል ሁሌ ትንሽ ያስቃታል። እናትና አባቷ ሥራቸው ድሬዳዋ ስለሆነ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ፀጉሯን ሹሩባ መሥራት የተማሩት ከስልክ ነው። መጀመሪያ ላይ አንዱ ጎን ወፍራም አንዱ ቀጭን ይሆን ነበር፣ አሁን ግን የፎቁ ልጆች ሁሉ ለበዓል እሳቸው ጋ ነው የሚሰለፉት።

ሰንበሌጥ ሲባል ደሞ ዝም ብሎ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። ለቡ ላይ ካሉት ሁሉ ቀጭኑና ረጅሙ እሱ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ወገቡን ትንሽ ያወዛውዛል፣ ሰዉም በሱ ይኮራል። የሌላ ሕንፃ ልጆች "እናንተ ገለባዎች" ብለው ሲፎግሯቸው የሰንበሌጥ ልጆች መልስ አያጡም፣ "ቀና ብላችሁ ነው የምትሰድቡን" ይሏቸዋል።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ብቻ ነበረባቸው። ፈተና ይወድቃሉ።

ወይራ የሚባለው ሕንፃ የተቃጠለ ጊዜ ደብሪቱ ገና አልተወለደችም። የመውጫ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሕጉም አጭር ነው፤ በእግር ባዶ መሆን የማይችል ሕንፃ ሰው አይኖርበትም። በየጊዜው ደወል ይደወላል፣ ሊፍት ይቆማል፣ ሰዉ ሁሉ በደረጃ ይወርዳል። ደረጃው ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ የመብራት መስመር አለ። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ቀስ እያለ ቢጫ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ቀይ። ቀይ ሲሆን አንድም ሰው ውስጥ ከተገኘ ሕንፃው ወደቀ። ሰንበሌጥ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ወድቋል። ሦስተኛ ከወደቀ ዕድሜው ከሰባ በላይ የሆነ ነዋሪ በሙሉ ወደ ሜዳ ይዛወራል፣ ምክንያቱም የመውጫ መሥሪያ ቤቱ እንደሚለው ሕንፃ የሚያዘገየው ያረጀ እግር ነው።

ሜዳ ማለት ከሰንዳፋ ማዶ ያለው የመሬት ቤቶች መንደር ነው። ደረጃ የለውም። አበባ አለው፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ይላሉ። ይላሉ ነው እንጂ ሄዶ አይቶ የተመለሰ የለም። የሚሄድ ሰው ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፣ መጀመሪያ በየቀኑ ይደውላል፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ። አባባ ኪሩቤል ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ፈተናው ደሞ ቅዳሜ ነው።

እድሩ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የእድሩ ሊቀመንበር እትዬ ኤደን ናቸው፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ ሰው ማደራጀት የሚችሉ፣ ሲቆጡም የሚያስፈሩ ሴትዮ። "እግር ነው ካሉ እግር እናበረታለን" አሉና ሽማግሌዎቹን በሙሉ፣ በየፎቁ ተራ፣ ጠዋት ጠዋት ደረጃ ማስወረድ ጀመሩ። ደብሪቱም ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ከአያቷ ጋር ትወርዳለች። በሦስተኛው ጠዋት አንድ ነገር ገረማት። እሷ መሬት ስትደርስ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፣ አባባ ግን ኮፍያቸውን እያስተካከሉ ያፏጫሉ። መብራቱ ገና አረንጓዴ ነው።

"አባባ፣ እግርዎ እኮ ምንም አልሆነም።"

"ምን ይሆናል? ኳስ ተጫዋች ነበርኩ።"

"እና ታዲያ ለምንድነው የምንወድቀው?"

"ሰው ሲበዛ ይዘገያል፣ ልጄ። ሌላ ምን ይሆናል" አሉና ወደ ሊፍቱ ዞሩ።

ሐሙስ ዕለት እድሩ ሕንፃውን በሙሉ አስወጥቶ የመጨረሻ ልምምድ አደረገ። ሰዉ ከየፎቁ ወጣ፣ ማንም አልሮጠ፣ ማንም አልጮኸ፣ ሕፃናት ታቅፈው፣ የታመሙ በወንበር ተይዘው፣ ያምር ነበር። ደብሪቱ ከአያቷ ጀርባ ነች። ከላይ እየወረደች መስመሩ አረንጓዴ መሆኑን ስታይ ልቧ ሞቅ አለ፣ አለፍን ብላም አሰበች። ከዚያ ሃያ ስምንተኛው ፎቅ ደረሱ።

ሃያ ስምንተኛው ላይ ደረጃው ይቀየራል። ከላይ የመጣው ደረጃ እዚያ ያልቅና ሰዉ በአንድ የብረት በር አልፎ የታችኛውን ደረጃ ይይዛል፣ የታች ጭስ ሽቅብ እንዳይነጉድ ታስቦ ነው እንዲህ የተሠራው። በሩ ጋ ሰው ተሰብስቧል። ሁሉም ቆሟል። ደብሪቱ ተረከዟን ከፍ አድርጋ ብታይ በሩ ክፍት ነው። የዘጋው ነገር የለም። በሩ አጠገብ የሃያ ስምንተኛው ፎቅ ታላቅ ሰው ሐጂ ነቢል፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በሩን በእጃቸው ደግፈው ቆመዋል። ሰዉ ለአያቷ መንገድ ለቀቀና ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተገናኙ።

"እርስዎ ይቅደሙ፣ ሐጂ።"

"ኧረ በአላህ፣ ጋሽ ኪሩቤል። ከዚያ ሁሉ ፎቅ የወረደ ሰው ቆሞ እኔ ልለፍ?"

"ፎቁ የእርስዎ ነው፣ ባለቤት ይቀድማል።"

"ባለቤት መቼ ቀድሞ ያውቃል? ባለቤት በር ነው የሚይዘው። ይኸው ይዣለሁ።"

"እጅዎ ይደክማል፣ እኔ ልያዘው።"

"እጄ ምን ሆኖ? በሞቴ ይለፉ።"

"ሞትዎን ለምን ይጠራሉ በጠዋቱ? አላልፍም።"

አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከኋላ ነበረች። ሁለቱም ዞር ብለው "አንቺስ እለፊ፣ ሕፃን ይዘሽ" ሲሏት አንገቷን ደፋች። "ከእናንተ ፊት? እንዴት አድርጌ? ሼም ነው" አለች። እሷ ካላለፈች ከኋላዋ ያሉት ወጣቶችም አያልፉም፣ ከነሱ ኋላ ያለው ሰው ደሞ ምን ሆኖ እንደቆመ ሳያውቅ በትዕግሥት ቆሟል፣ እስከ ሠላሳ ምናምነኛው ፎቅ ድረስ ደረጃው ላይ ሰው ተሰልፎ እርስ በርሱ እየተጠያየቀ ነው። እንዴት ሰነበታችሁ፣ ልጁ ፈተና ደረሰበት ወይ፣ እናትሽ ተሻላት። የሃያ ስምንተኛው ፎቅ ሰዎች በበኩላቸው በየበራቸው ቆመው ከላይ የመጣው ሰው አልፎ እንዲያልቅ ይጠብቃሉ። ግድግዳው ላይ መስመሩ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ብርቱካን መሰለ። ከዚያ ቀላ።

ማታ በእድሩ ስብሰባ ላይ ሁሉም ስለ እግር ያወራ ነበር። የመውጫ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ላቀውም መጥቷል፣ ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ሁሌ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጥ። አንዱ ስለ ማሳጅ ያነሳል፣ ሌላው ስለ ጫማ። ደብሪቱ እጇን አወጣች፣ መናገር ስትጀምር ድምፅዋ ቀጠነባት።

"እግር አይደለም" አለች። "በሩ ጋ ነው የምንቆመው። ቅደሙ ቅደሙ እየተባባልን።"

እትዬ ኤደን መነጽራቸውን አወለቁ።

"እና ምን እናድርግ ነው የምትይው?" አሉ ሐጂ ነቢል፣ ሳይቆጡ፣ ግን ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። "ልንጋፋ?"

ደብሪቱ ወደ አያቷ አየች። አባባ ኪሩቤል ቀስ ብለው ተነሡ።

"ወይራ ሲቃጠል እዚያ ነበርኩ" አሉ። "አብዛኞቻችሁ አታውቁም፣ አላወራውም። እሳቱ የገደለው ጥቂት ሰው ነው። የቀረውን የገደለው ትከሻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በር ላይ ሰው አልቀድምም ብያለሁ፣ አልቀድምምም። ሜዳ ከሆነም ሜዳ።"

ላቀው ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ ሐሳብ አመጣ። ሕንፃው ራሱ ተራ ይጥራ፣ ያኔ ማን ማንን አስቀደመ አይባልም፣ የቀደመው ስሙ የተጠራ ነው አለ። ለሙከራ እዚያው ሃያ ስምንተኛው በር ጋ ወስዶ አሰለፋቸው። ሕንፃው በለስላሳ ድምፁ "ኪሩቤል፣ እለፍ" አለ። ከዚያ "ነቢል፣ ተከተል"።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"ማን ነው እሱ?" አሉ ሐጂ ነቢል ወደ ጣሪያው እያዩ።

"ሕንፃው ነው፣ ሐጂ" አለ ላቀው።

"ግድግዳ ነው አንተ እያለ የሚጠራኝ? ትናንት ሲሚንቶው ሲቦካ ያየሁት ልጅ?"

አባባ ኪሩቤል ከሳቃቸው ብዛት ግድግዳውን ደገፍ አሉ፣ ሰዉም ሳቀ፣ ላቀውም ፈገግ ብሎ መሣሪያውን አጠፋ። ሳቁ ግን መላ አልሆነም። ቅዳሜ ሊደርስ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሐጂ ነቢል አባባንና ደብሪቱን ቤታቸው ጠሯቸው። የስንብት መሆኑን ማንም አልተናገረም፣ ግን ነበር። ደብሪቱና አያቷ እንደ ወጉ መውጫውን ነክተው ተቀመጡ። ሳምቡሳ ቀረበ፣ ሻይ ቀረበ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ምንም እንዳልተፈጠረ መቀላለድ ጀመሩ።

"እዚያ ጎረቤት ቢያደርጉን ጥሩ ነበር" አሉ ሐጂ።

"ያደርጉናል። ግን እዚያም እንዳንጣላ። ሜዳ በር አለው?"

"ፎቅ ነው የሌለው እንጂ በርማ አለው።"

"እንግዲያው አንገባም አንወጣም፣ በሩ ላይ ነው የምንሞተው።"

ደብሪቱ ሳቀች፣ ከዚያ እንባዋ እንዳይታይባት ሻይዋን አነሳች። ፀጉሯን ማን ይሠራል፣ ማታ በር ላይ ቆሞ "መጣሽ?" የሚላት ማነው፣ እንዲህ እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ነበር የሚመጣባት።

ለመሄድ ሲነሡ ሐጂ ነቢልም ተነሡ። "ልሸኝዎ" አሉ። የአባባን ክንድ ያዙና ስለ አንድ የድሮ የኳስ ጨዋታ እየተከራከሩ ከሳሎን ወጡ። የቤት በር በሕጉ መሠረት አልጋ እንዲያሳልፍ ተደርጎ ስለሚሠራ ሰፊ ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን አለፉ። ኮሪደሩን ጨርሰው ሊፍቱ ጋ ደረሱ። "አሁን ደሞ እኔ ልመልስዎ" አሉ አባባ፣ ክንዳቸውን ይዘው መልሰው ወሰዷቸው፣ እንደገና በሩን አለፉ። ከዚያ ሐጂ "እንዲህማ አይሆንም፣ ትንሽ ልሸኝዎ" አሉ። ደብሪቱ ሊፍቱ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች፣ ትንሽ ሰልችቷታል፣ ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ታያት። ሁለቱ ሰዎች ያንን በር ሲመላለሱበት አንዳቸውም "ይቅደሙ" አላሉም። ለምን ይላሉ? ሰው ሲሸኝ ማንም አይቀድምም። ጎን ለጎን ነው የሚኬደው፣ ወሬ እየተወራ፣ በሩ መቼ እንደታለፈ እንኳን ሳይታወቅ።

ሮጣ የብረቱ በር ጋ ሄደች። ሁሌ የምታየው በር ነው፣ ግን አይታው አታውቅም። ባለ ሁለት ግማሽ ነው። አንዱ ግማሽ ይከፈታል፣ በሱ ነው ሰው የሚያልፈው፣ አንድ በአንድ። ሌላኛው ግማሽ ከላይም ከታችም ተቀርቅሯል፣ መቀርቀሪያው ላይ ከግድግዳው ጋር አንድ ላይ ቀለም ተቀብቶበታል፣ ፊቱ ላይ ደሞ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ቆሞበታል። ሕንፃው ከተመረቀ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። የትም ቦታ፣ ትምህርት ቤትም ባንክም፣ ባለ ሁለት በር ሲሆን አንዱ ተዘግቶ ነው የሚኖረው፣ ለምን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

ላቀውን ምድር ቤት ካፌ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ አገኘችው።

"ያ በር አንዱ ግማሽ ዝግ ነው" አለችው፣ ትንፋሽ ሳትስብ።

"አውቃለሁ። በስሌቱ አንዱ ይበቃል።"

"ስሌቱን የሠራው ሰው እኮ ሰዉ ይጋፋል ብሎ ነው ያሰበው። እኛ አንጋፋም። እኛ እንለማመጣለን። ለልመና የሚሆን ቦታ ደሞ ስሌቱ ውስጥ የለም።"

ላቀው ሻዩን አማሰለ።

"እናቴን ሊፍት ውስጥ ለማስገባት" አለ፣ "ሰው ስታስቀድም ሦስት ጊዜ ሊፍቱ ሄዶ ይመለሳል። ሁሌ እኔ ነኝ የማፍረው።" ሻዩን አስቀመጠ። "ሁለት ሰው እኩል ቢያልፍ፣ አስቀዳሚ የለም፣ ቀዳሚ የለም። አዎ። ማንም አላሰበውም፣ እኔም አላሰብኩትም።"

"ክፈቱት የሚል ሕግ አለ?"

"የለም።"

"አትክፈቱ የሚልስ?"

"እሱም የለም" አለና ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ትቶት ተነሣ።

መቀርቀሪያው እንቢ አለ። ላቀው ኮቱን አውልቆ በመዶሻ ቀለሙን ሰበረው፣ ደብሪቱ ከታች የምግብ ዘይት አፈሰሰችበት፣ የፎቁ ሰው አንድ በአንድ እየወጣ ከበባቸው። እትዬ ኤደን የአበባውን ማስቀመጫ ራሳቸው አቅፈው አነሡት። በሩ ሲከፈት እንደ በሬ ጮኸ፣ አቧራው ሁሉንም አስነጠሳቸው። ከዚያ ሁለቱም ግማሽ ተከፍተው ታዩ። ሰፊ ነበር። በጣም ሰፊ።

ደብሪቱ ያየችውን ነገረቻቸው፣ ዘርዝራ ሳይሆን እየተንተባተበች፣ እጇን እያወናጨፈች። "ነገ አትወጡም" አለቻቸው። "ትሸኛላችሁ። ከላይ የመጣውን የሃምሳኛው ፎቅ ሰው ይሸኝ፣ እነሱን ከታቻቸው ያለው ፎቅ ይሸኝ፣ እንደዚያ እያለ እስከ መሬት። ክንድ ለክንድ ይዛችሁ፣ እያወራችሁ።"

"እና ማን ይቀድማል?" አሉ ሐጂ ነቢል።

"ማንም።"

ሐጂ ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ወደ አባባ ኪሩቤል። አባባ ሄደው የሐጂን ክንድ ያዙና በሩን አብረው አለፉበት። ከዚያ ተመልሰው አለፉበት። "ያስኬዳል" አሉ ሐጂ። ለእትዬ ኤደን ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ማን ማንን እንደሚሸኝ፣ የታመመ የት እንደሚሰለፍ፣ ልጅ ያዘለች ከማን ጋር እንደምትሆን፣ ገና ሳይመሽ ለየፎቁ አስታውቀው ጨረሱ። ሰዉን እንዲህ ሲያደራጁት ማየት ያኮራል፣ እውነት።

ቅዳሜ ጠዋት ደወሉ ተደወለ። ሊፍቱ ቆመ። ከታች የፈተና ጭስ ነጭ ሆኖ ኮሪደሩን ሞላው። አባባ ኪሩቤል ጭንብላቸውን አጥብቀው፣ ኮፍያቸውን አደረጉ፣ ደብሪቱ ከኋላቸው ሆነች፣ ከላይኛው ፎቅ የመጨረሻዎቹ እነሱ ናቸው። ሃምሳኛው ላይ አንድ ጎረምሳ ጠበቃቸውና "ልሸኝዎ፣ አባባ" ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። አርባዎቹ ላይ ሌላ ሰው ተቀበላቸው። ደረጃው ሁለት ሁለት በሆነ ሰው ተሞልቷል፣ ቀስ ብሎ ግን ሳይቆም ይወርዳል፣ ከላይ እስከ ታች ወሬ ነው የሚሰማው፣ እንደ ንብ ቀፎ። ማንም ወደ ኋላ ዞሮ "እናንተ ቅደሙ" አላለም፣ ጊዜም የለውም፣ ጎኑ ያለው ሰው እያወራው ነው። የብረቱ በር ጋ ሲደርሱ ሰዉ እንደ ውሃ እያለፈ ነበር። ሐጂ ነቢል ዳር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው።

"ዘገዩ" አሉ።

"ኳስ ተጫዋች አይዘገይም፣ ሲያዘገዩት ነው" አሉ አባባ፣ ተያያዙ፣ በሩን አለፉ። ደብሪቱ ከኋላ ስታያቸው ሁለት ሽማግሌ ሳይሆን ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሁለት ልጆች መሰሏት። መስመሩ አረንጓዴ ነበር። ሕንፃው በሙሉ ሲወርድ ይህን በር በአረንጓዴ አልፋው አታውቅም።

ታች ሲደርሱ ቢጫ ሆኗል፣ ይሁን፣ ገና ቢጫ ነው። ሰዉ በሙሉ ወጥቶ አደባባዩ ላይ ቆሞ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ያያል። ከነዋሪው የቀሩት ሁለቱ ሽማግሌዎችና ደብሪቱ ናቸው። የመጨረሻው በር ጋ ላቀው መሣሪያውን ይዞ ቆሟል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆሙ።

ደብሪቱ ቶሎ ብላ የግድግዳውን መስመር አየች።

"ልጄ፣ እለፍ እንጂ" አሉ አባባ ኪሩቤል ላቀውን።

"እኔ የሕንፃው ሰው አይደለሁም፣ አባባ። ተቆጣጣሪ ነኝ። እናንተ ውጡ።"

"የሕንፃው ሰው ካልሆንክ እንግዳ ነህ" አሉ ሐጂ ነቢል። "እንግዳ ውስጥ ትተን እኛ እንውጣ?"

"ደሞ ጭስ ውስጥ" አሉ አባባ።

መስመሩ ብርቱካን ሆነ። ከመስታወቱ ማዶ እትዬ ኤደን ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነዋል። ደብሪቱ አያቷን በር ላይ ግፊያቸው ብትባል እጇ እንደማይታዘዝላት ያወቀችው ያኔ ነው። ላቀው ሁለቱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ መሣሪያውን ኪሱ ከተተ።

"እሺ" አለ። "መሄዴ ነው። ትሸኙኛላችሁ?"

"እንዴ፣ ምን ጥያቄ አለው" አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ክንዱን ያዙት፣ "ምነው ቸኮልክ፣ ሻይ እንኳን ሳትጠጣ" እያሉት ተጣብቀው በበሩ ወጡ። ደብሪቱ ከኋላቸው ዘላ ወጣች።

ሕንፃው ተናገረ። ድምፁ አደባባዩን ሞላው።

"ውስጤ ማንም የለም።"

መስመሩ ከመስታወቱ ኋላ ቀላ። ዘግይቶ ቀላ፣ ማንንም ሳያገኝ። ላቀው መሣሪያውን አውጥቶ አየና ለእትዬ ኤደን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "አልፋችኋል" አለ። "ሜዳ የሚሄድ ሰው የለም። ያንን በር ደሞ እንዳትዘጉት፣ እኔ በየሕንፃው እየዞርኩ ሌሎቹንም ላስከፍት ነው።" እልልታው ከኋላ ጀመረ፣ ከዚያ ሁሉም ያዘው፣ የጎረቤት ሕንፃ ሰዎች መስኮት ከፍተው ያያሉ፣ የሰንበሌጥ ልጆች ቀና ብለው እጃቸውን ያውለበልቡላቸዋል፣ ደብሪቱ በሰው መሃል ትታቀፋለች፣ ትሳማለች።

ከዚያ ጫጫታው ቀስ በቀስ በረደ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሕንፃውን ማየት ጀመረ። እስከዛሬ እንዲህ አይተውት አያውቁም፣ ያን ሁሉ መስኮት፣ አንድም ሰው የሌለበት። ነፋስ መጣና ወገቡን ትንሽ አወዛወዘው።

አባባ ኪሩቤል ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አንገታቸውን እስከ ላይኛው ፎቅ ድረስ ቀና አደረጉ።

"አይዞህ" አሉት። "አሁን እንመለሳለን።"